አፕዴት ወደ ጂንካ የመጣበት መንገድ

አፕዴት ወደ ጂንካ መጀመሪያ የገባው በሰው ኪስ ነው። ከዞን ወይም ከወረዳ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ለስብሰባ የዚያን ጊዜ የክልል ከተማችን ወደነበረችው ሐዋሳ ሲጠራ፣ የአበል ፎርሙን አስፈርሞ ሲወጣ የኮምፒውተር ክፍሉ ልጅ በር ላይ ይጠብቀውና ፍላሽ ያቀብለዋል። «ጋሼ፣ ሲመለሱ የአንቲቫይረሱን አዲስ ፋይል አስገልብጠው ይምጡልን።» ተሰብሳቢው ሐዋሳ ላይ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ወይም የክልል ቢሮ ወዳጁን ለምኖ ያስገለብጣል። በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶ፣ በወይጦና በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ እስኪደርስ ፋይሉ ሰንብቷል። ከዚያ ፍላሹ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ ወደ ዲመካና ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ መኪና ሲገኝም በሲዲ ተጽፎ ለሾፌሩ ይሰጣል። ካንጋቴን ከኦሞ ማዶ ስለሆነች፣ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ሲዲው በጀልባ ይሻገር ነበር።

ይህን ሥራ ታሪክ ብሎ የቆጠረው ሰው አላጋጠመኝም። ጂንካ ስላለችበት ስለ ደቡብ ኦሞ ምድር ብዙ ተጽፏል። እነ ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ላይዳል ስለ ሐመር ሕዝብ አሥርት ዓመታት የፈጀ ጥናት አድርገዋል፤ ከጂንካ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የምርምር ማዕከልና ሙዚየምም የአካባቢውን ሕዝቦች ባህል ሰብስቦ ይዟል። የጽሕፈት ቤቶቻችን ማሽኖች ታሪክ ግን ያለው የንብረት ክፍል ካርድ ላይ ብቻ ነው። ካርዱ ዕቃው የገባበትንና የወጣበትን ቀን እንጂ በመካከሉ በምን ተአምር ሲሠራ እንደኖረ አይናገርም። እኔ በአሪ ምድር ተወልጄ፣ ጂንካ ተምሬ፣ ጂንካ ውስጥ ሰርቨር በመጠበቅ የምኖር ሰው ነኝ። ይህ ሙያ በዚህ ከተማ እንዴት እንደተለወጠ የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ጡረታ እየወጡ ስለሆነ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጂንካ ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በልጅነታችን አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል ባለው የሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ ከአገልግሎቱ ወሬው ቀድሞ ደረሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ ተጀመረና በየወረዳው አስተዳደር ግቢ የሳተላይት ሳህን ተተከለ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሁላችንም ፕላዝማ ያልነው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። እነዚህ ሳህኖች ትልቅ ለውጥ ነበሩ፤ የወረዳ አስተዳዳሪ ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ ባለሥልጣን ጋር ፊት ለፊት በስክሪን ሲነጋገር ያየ ሰው አይረሳውም። ነገር ግን ከሳህኑ ጥቂት ክፍሎች ርቆ የተቀመጠው የፋይናንስ ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ጋር አይገናኝም ነበር። አይቤክስ የተባለው የመንግሥት የበጀትና የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራበት ያ ማሽን፣ ሒሳቡም ማስተካከያውም የሚደርሰው በዲስክ ነበር።

ፍላሹ መድኃኒትም በሽታም ይዞ ነበር የሚመጣው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. አንድ አስቸኳይ ማስተካከያ ለዊንዶውስ አወጣ፤ በወሩ ኮንፊከር የተባለው ትል ያንኑ ቀዳዳ ተጠቅሞ ዓለምን አጥለቀለቀ። ኮንፊከር በኔትወርክ ብቻ ሳይሆን በፍላሽም መተላለፍን ቶሎ ለመደ። ኔትወርክ የሌለው ማሽን ከሩቅ አይጠቃም ብለው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር የሚተላለፈው በፍላሽ ስለሆነ፣ ማስተካከያው መንገድ ላይ ሳለ ትሉ ቀድሞ ይደርስ ነበር። መፍትሔውም አንድ ብቻ ነበር፦ ፎርማት። «ይደረግ?» ይባላል፤ «ይደረግ»። ከፎርማቱ በኋላ የሚጫነው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከስንት ዓመት በፊት የተቀዳ ሲዲ ላይ ያለው ስለሆነ፣ ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ቢነሣም ቀዳዳዎቹ ሁሉ እንደተከፈቱ ናቸው። የኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም ሲዲው ከአገልግሎት አልወጣም።

ሊኑክስ ወደ እኛ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው፤ በፖስታ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያስጀመረው፣ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የመጀመሪያ ዕትሙን ያወጣው በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ነው። የሻትልወርዝ ድርጅት አድራሻውን ለላከ ሁሉ ሲዲ በነጻ ይልክ ነበር፤ ይህ አገልግሎት የተቋረጠው በ2003 ዓ.ም. ነው። ፖስታ ሣጥን ያለው መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ያዝዛል፤ ከወራት በኋላ ካርቶን መሸፈኛ ያለው ሲዲ ጂንካ ፖስታ ቤት ይደርሳል። ማንም ያልሰረቀው፣ ማንም ያልሰነጠቀው ሶፍትዌር በእጅ መያዝ በዚያን ጊዜ ለእኛ ለወጣቶቹ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ዛሬ ለማስረዳት ይከብደኛል። ሲዲው ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ኡቡንቱ፣ የተወለደበት ዴቢያንም፣ ፕሮግራሞቹን በሙሉ ውጭ አገር ካለ ማከማቻ በኢንተርኔት እያወረደ እንዲያድስ የተሠራ ነው። ማከማቻውን ማግኘት የማይችል ኡቡንቱ ሲዲው በታተመበት ቀን ላይ ቆሞ ይቀራል።

አውቶማቲክ አፕዴት የሚባለው ሐሳብ የመጣው ከእንዲህ ዓይነት መዘግየት ነው። ማስተካከያ ወጥቶ ሰው ሳይጭነው የሚያልፈው ጊዜ አጥቂዎች የሚገቡበት ጊዜ ነው። ዋናክራይ የተባለው ትል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ሆስፒታሎችንና ፋብሪካዎችን ሲቆልፍ፣ መድኃኒቱ ከመጋቢት 5 ጀምሮ ዝግጁ ነበር፤ ሁለት ወር ያህል ያልጫኑት ናቸው የተመቱት። ከዋናክራይ በፊትም በዚሁ ምክንያት ማሽኑ ራሱ ይጫን ተብሎ ነበር። ኡቡንቱ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ካወጣው 16.04 ዕትም ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያዎችን ሰው ሳያዝዘው እንዲጭን ተደርጎ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ 10ም ተጠቃሚውን እምብዛም ሳይጠይቅ ያወርዳል። እኛ ዘንድ የዊንዶውሱ ነገር ያልታሰበ ውጤት አመጣ፦ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው የሞላው ካርድ በአንድ ሌሊት ሲያልቅበት አፕዴቱን ዘጋው። ጎረቤቱም አይቶ ዘጋው። የጂንካ ጽሕፈት ቤቶችን ማሽኖች ስከፍት በብዛት የማገኘው ይህን የተዘጋ አፕዴት ነው፤ የዘጋውን ሰው ልወቅሰው አልችልም፣ ብሩ የራሱ ነበር።

አውቶማቲክ አፕዴት በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለት የሰዓት ቀጠሮዎች አሉ። አንደኛው በቀን ሁለት ጊዜ ወጥቶ አዲስ ነገር መኖሩን ይጠይቃል፣ ያወርዳል። ሁለተኛው በቀን አንድ ጊዜ የወረደውን ይጭናል። የዓለም ሰርቨሮች በሙሉ በአንድ ደቂቃ ማከማቻው ላይ እንዳይረባረቡ፣ የጥያቄው ቀጠሮ እስከ 12 ሰዓት በሚደርስ፣ የመጫኑ ደግሞ እስከ አንድ ሰዓት በሚደርስ ጊዜ በዘፈቀደ ይዘገያል። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ሳስረዳ የማነሣላቸው የሐመሮችን ቋጠሮ ነው። ለከብት ዝላይ ሥርዓት የተጠራ ዘመድ የተቋጠረ የሣር ገመድ ይላክለታል፤ በየቀኑ አንዱን ቋጠሮ ያስወግዳል፣ ሲያልቅ የሥርዓቱ ቀን ደርሷል። በሩቅ መንደር ያሉ ሰዎች ሳይነጋገሩ በአንድ ቀን ይገናኛሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሁሉም ቀኑን አንድ ዓይነት ከቆጠሩ ነው።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ ጉዳይ አለ። በአንድ መሥሪያ ቤት አንዳንድ ቀን ጠዋት ሲስተሙ ይቆም ነበር። በየቀኑ አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ደኅና ሰንብቶ አንድ ቀን ድንገት ከመስኮቱ «ሲስተም የለም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከአሪ ደጋ በእግሯ ወርዳ የመጣች እናት ከሰዓት ተመለሺ ትባላለች፤ ከሰዓት ብትመለስ ጨልሞባት ታድራለች። በመጀመሪያ የተጠረጠረው መብራት ነበር፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ማንኛውም ብልሽት መጀመሪያ የሚላከከው በመብራት ላይ ነው። መብራቱ ግን አለ። ቀጥሎ ገመዱ ተፈተሸ፤ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ፣ ስዊቹ፣ ዩፒኤሱ ተቀየሩ። አንዳንዱ ቫይረስ ነው አለ፤ አንዳንዱም የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሲገቡ ሰርቨሩ ከበደው አለ። እኔ ስጠራ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የቆመባቸው ቀናት ተጽፈዋል ወይ የሚል ነበር። አንድ በሒሳብ ክፍል ያረጁ ሰው ዴስክ ካላንደራቸው ላይ ምልክት አድርገዋል። «እኔ የቆመበትን ሁሉ ጽፌያለሁ ልጄ፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ቆሞ አያውቅም፣ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላም አይቆምም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሁሉ የእሳቸው ካላንደር ውጤት ነው።

ሰርቨሩ ራሱን ያደሰበትን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለ። ከፍቼ ከካላንደሩ ጋር ሳስተያየው ቀኖቹ ገጠሙ። ሲስተሙ በቆመባቸው ቀናት ሁሉ ዳታቤዙ ታድሷል። ዳታቤዝ ሲታደስ ቆሞ ይነሣል፤ እሱ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ፕሮግራም ግን ግንኙነቱን መልሶ መያዝ ስለማይችል ሰው እስኪያስነሣው እንደሞተ ይቀመጣል። ቀኑ ገጠመ፣ ሰዓቱ ግን አልገጠመም። ለምሳሌ በአንዱ ቀን መዝገቡ 6:20 ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ይህን መዝገብ ከእኔ በፊት አይተውታል፤ አንዱ እንደ እኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት፣ ምሳ ሰዓት አድርጎ አነበበው፤ ሌላው እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ንጋት 12 ሰዓት አለው። በምሳ ሰዓትም በንጋትም ሲስተም ቆሞ ስለማያውቅ ሁለቱም መዝገቡን ዘግተው ሄዱ። አዲሶቹ የኡቡንቱ ሰርቨር ዕትሞች ሲጫኑ፣ ሰው ካልቀየረው በቀር ሰዓታቸውን የሚይዙት በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ማሽኑ 6:20 ብሎ የጻፈው ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9:20፣ በእኛ 3:20 ነው። በመላው ዓለም ለንጋት ተብሎ የተቀመጠው ቀጠሮ ጂንካ ላይ መስኮቱ ፊት ሰልፍ በሚረዝምበት ሰዓት ይውላል ማለት ነው።

የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ መለስኩት። ያ ብቻውን መጫኑን ወደ ንጋት ያመጣዋል፤ ብዙ ባለሙያ እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ንጋትን አልወደድኩትም። በውጭ አገር መጻሕፍት የሚመከረው ሰው በሌለበት ሰዓት ማደስ ነው። ሰው በሌለበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ጂንካ ላይ ጀኔሬተር የሚያስነሣ የለም፤ መብራት መጫን መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ የጥቅሎቹ (የፓኬጆቹ) ሥራ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ አንዳንዴም ሰው ትእዛዝ ሰጥቶ ማስጨረስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቀጠሮውን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አደረግሁት፤ ሠራተኛው ወጥቷል፣ እኔ ወይም ተረኛው አለን። ለዚህ ከተማ ትክክለኛው ሰዓት እሱ ነው ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ። ፕሮግራሙ ዳታቤዙ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣም ተደረገ።

ከሰዓት ጋር የተያያዘ ሌላም አለ። በየሰርቨሩ ውስጥ የሰዓት ሠሪዎች የሚሸጧት ዓይነት ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። ባትሪዋ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። አፕት የተባለው የኡቡንቱ አውራጅ ፕሮግራም ማከማቻውን ሲጠይቅ የተፈረመው ዝርዝር ላይ ያለው ቀን ወደፊት የሚመጣ ይሆንበትና «ገና ያልደረሰ ነው» ብሎ አይቀበለውም። ኔትወርክ ካለ ማሽኑ ሰዓቱን ከውጭ ይጠይቃል፤ ብዙ ቢሮ ግን የሰዓት ጥያቄ የሚያልፍበት በር በፋየርዎል ተዘግቷል። ከዚህ የሚከፋው ሰው በእጁ ሲያስተካክለው ነው። ኦሞራቴ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ያገኘሁት ማሽን ቀኑም ወሩም ትክክል ነበር፣ ዓመቱ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የገባው። ያስገባው ሰው የዕለቱን ቀን በትክክል ጽፏል፤ ማሽኑ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ያገኘውን የደኅንነት ሰርተፍኬት ሁሉ ገና አልጸናም እያለ ሲመልስ ከርሟል።

ላፕቶፕን እንደ ሰርቨር መጠቀም በወረዳዎች የተለመደ ነው፤ ባትሪው ዩፒኤስ ይሆናል ተብሎ ነው፣ ጥሩ ሐሳብም ነው። አውቶማቲኩ አፕዴት ግን ማሽኑ በባትሪ ላይ እያለ እንዳይሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ቀጠሮው በደረሰ ቁጥር መብራት ከሌለ፣ ስህተት ሳይጽፍ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቡት የሚባለው ክፍልፋይ በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ አፕዴት የሚያንቀውም አለ፤ ያንን ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ አሮጌዎቹን ማጥፋት ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆየ። በወቅቱ በደረሰው ግድያና ሁከት አገር ሐዘን ላይ ስለነበረ ስለ ሰርቨር ማውራት ነውር ይመስል ነበር፤ ለሙያችን ታሪክ ግን መመዝገብ አለበት። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሁሉም ማሽኖች ያመለጣቸውን ቀጠሮ ባንድ ላይ ማካካስ ጀመሩ፤ ቀጭኑ መስመራችን ታነቀ። አንድ ደብዳቤ በኢሜይል ለመላክ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ነው በቢሮው ውስጥ አንድ ማሽን መካከለኛ ማከማቻ እንዲሆን ያደረግነው፤ አንዱ ሰርቨር ያወረደውን ጥቅል እሱ ይዞ ለሌሎቹ ያቀብላል፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለሩቆቹ ወረዳዎች ደግሞ የማከማቻውን ግልባጭ በውጫዊ ዲስክ እንልካለን። ግልባጩ የማከማቻውን ፊርማ የያዘ ስለሆነ መንገድ ላይ የተነካካ ጥቅል ማሽኑ አይቀበልም፤ ከድሮው ፍላሽ የሚለየው በዚህ ነው።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ኩባንያ በራሱ የሚጫን አንድ የተበላሸ ፋይል ለቆ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ። አየር ማረፊያዎች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ብዙዎቹን ማሽኖች ከሩቅ ማስነሣት አልተቻለም፤ አንድ ሰው በአካል ሄዶ፣ ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ፣ ያቺን ፋይል ማጥፋት ነበረበት። ባልደረቦቼ ዜናውን ሲያነቡ ያሰቡት እነዚያን በየሕንጻው የሚዞሩ ባለሙያዎች ነው፤ ያን ሥራ ከዲመካ እስከ ሐና ስንሠራው ኖረናል። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ሙያውን የሚማሩ ወጣቶች በከተማችን በርክተዋል፤ ከእኛ ጋር ለተግባር ልምምድ የሚመጡትን መጀመሪያ የማስተምራቸው ማሽኑ ያለበትን ክፍል፣ የመብራቱን ጸባይና የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት ጠይቀው እንዲጽፉ ነው። ትእዛዞቹን ከዚያ በኋላ ይማራሉ።

አሁን ከፊታችን ያለው ሥራ የዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከወረዳዎቹ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ የላቸውም። ቢሮዎቹ አዲስ ማሽን እስኪገዙ ድረስ አሮጌዎቹን ወደ ኡቡንቱ ማዛወር ይቻላል ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ተቃውሞው የመጣው ከጸሐፊዎቹ ነው፣ ትክክልም ናቸው፦ የአሥርት ዓመታት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የተተየበው ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መተየቢያ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ፋይሎቹን ኡቡንቱ ላይም ወደሚነበበው ዩኒኮድ እንለውጣለን፤ ከመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ጋር ሆነን ከአሮጌው የቃለ ጉባኤ ፎልደር ጀምረናል፣ እሷ የተለወጠውን ከወረቀቱ ጋር ታመሳክራለች፣ እኔ የተሳሳቱትን ፊደላት እየለቀምኩ መለወጫውን አስተካክላለሁ።